ስክራባችሁን ቤት ስታጥቡ፦ ከዎርድ እስከ ቁም ሳጥን

በረኪናን ከሁሉ አስቀድሞ ስክራቡ (የጤና ተቋም የሥራ ልብሱ) ላይ የሚደፋ ሰው በረኪናውን ያባክናል፣ የልብሱንም ቀለም ያበላሻል። ብዙዎቻችን ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከዱቲ ደክሞን እንመለሳለን፣ ስክራቡን ሳፋ ውስጥ እንወረውራለን፣ በረኪና በግምት እናፈሳለን፣ ኦሞ እንበትናለን፣ "ጠዋት አሸዋለሁ" ብለን እንተኛለን። ክሎሪኑ አፍንጫ ሲሰነፍጥ ጀርሙ ያለቀለት ይመስለናል።

አላለቀለትም። ክሎሪን ደም፣ መግል፣ ላብ ወይም ሰገራ ካገኘ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ለጀርሙ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ቆሻሻው ይውጣ፣ ቀጥሎ ጀርሙ ይሙት፣ ከዚያ ልብሱ ቶሎና እስከ ስፌቱ ድረስ ይድረቅ። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የምጽፈው ስክራባቸውን ራሳቸው ገዝተው ራሳቸው ለሚያጥቡት ነው። ለነርሱ፣ ለሚድዋይፉ፣ ለላብራቶሪ ባለሙያው፣ ለኢንተርኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ለማይመክራቸው የጽዳት ሠራተኞች። በብዙ ጤና ተቋማት ሎንደሪው አንሶላና የኦፕሬሽን ጨርቅ ለማጠብ እንኳ ስለማይበቃ የሠራተኛው ልብስ ቤት ይሄዳል። መሆን የነበረበት እንዲህ አልነበረም። ግን እስኪስተካከል ድረስ ልብሱ መታጠብ አለበት፤ ከታጠበ ደግሞ በትክክል።

መጀመሪያ፦ ቤት የማይገባ ስክራብ አለ

የኦፕሬሽን ክፍል (ኦአር) ስክራብ ቤት አይሄድም፣ ከቤትም ተለብሶ አይመጣም። እዚያው ይለበሳል፣ እዚያው ይወልቃል፣ በተቋሙ ሎንደሪ ይታጠባል። በኦአር ስክራብ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ መጠጣት፣ ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ፣ ተመልሶ በዚያው ልብስ መግባት ለታካሚውም ለተሳፋሪውም ጥሩ አይደለም። ይህን በግልጽ መባባል አለብን።

ሁለተኛው በደም ወይም በእንሽርት ውሃ የራሰ ስክራብ ነው። ጠብታ ነካው ማለቴ አይደለም፤ ቢጨመቅ የሚንጠባጠበውን ነው። የማዋለጃ ክፍል ሰዎች የምለው ይገባችኋል። እንዲህ ያለው ልብስ በተቋሙ ይቅር፣ በተቋሙ ይታጠብ። ሎንደሪው አልቀበልም ካለ የክፍሉን ኃላፊና የአይፒ (የኢንፌክሽን መከላከል) ፎካሉን አናግሩ፤ ዝም ብላችሁ በፌስታል አታንጠልጥሉት። ኮሌራ፣ ኢቦላ፣ ማርበርግ የተጠረጠረበትን ታካሚ ስትረዱ የለበሳችሁትም በምንም ምክንያት ከግቢ አይወጣም።

አሜሪካ ያላችሁ ይህን ጉዳይ በሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌዴራሉ የደም ወለድ በሽታዎች ደንብ መከላከያ ልብስን የማጠብ ኃላፊነትና ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የአዛውንት መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ልብሳችሁ ደም ሲነካው "ቤት ሄደሽ እጠቢው" ብትባሉ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ከሥራ ሳትወጡ

እጥበቱ የሚጀምረው ዎርድ ውስጥ ነው። ልብስ ቀይሩ፤ መቀየሪያ ክፍል ባይኖር እንኳ መጋረጃ ያለበት ጥግ አይጠፋም። ከማውለቃችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ፣ ሁሉንም ኪስ። ካኑላ፣ የተሰበረ አምፑል፣ ብሌድ፣ ክዳኑ የወለቀ መርፌ፣ ያገለገለ ጓንት ከኪስ ይወጣል። ስለታሙ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይሂድ። እስክሪብቶም አውጡ፤ ሳፋ ውስጥ የፈነዳ እስክሪብቶ ሙሉውን ልብስ ይጨርሳል።

የላዩን ስታወልቁ ፊታችሁን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የቆሸሸውን ፊት ወደ ውስጥ ገልብጡና ጠቅልሉ። አታራግፉት፤ ስታራግፉት በልብሱ ላይ ያለው ነገር አየር ላይ ይበተናል፣ ወደ አፍንጫችሁም ይመጣል። ከዚያ ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ጥሩው ከረጢት አብሮ የሚታጠብ የጨርቅ ከረጢት ነው። ከሌለ ወፍራም ፌስታል ይሁን፤ አንዴ ከተጠቀማችሁበት ግን ይጣል፣ ዳቦ አይገዛበት።

ትንሽ የደም ጠብታ ካለ እዚያው ላይ በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጎዝ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። እርጥብ ደም ወዲያው ይለቃል፤ ስድስት ሰዓት ከደረቀ በኋላ ግን ትግል ነው።

ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ የልጆች ልብስ ላይ አታስቀምጡ። ቢቻል በዚያው ምሽት እጠቡት። ካልተቻለ ልብሱን ከፌስታሉ አውጥታችሁ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አድርጉት። ታፍኖ ያደረ እርጥብ ልብስ ውስጥ ጀርም ይራባል፤ ያ ታጥቦም የማይለቅ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ማን ነው የሚያጥበው?

ይህን ክፍል አትዝለሉብኝ። በብዙ ቤት ስክራቡን የምታጥበው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ካልሆነም እናት ወይም ታናሽ እህት። እነሱ ደግሞ ልብሱ ከየት እንደመጣ አያውቁም። እኛ ታካሚ ለመንካት ጓንት እናደርጋለን፤ እሷ የዚያን ታካሚ ደም በባዶ እጇ፣ አንዳንዴም በተሰነጠቀ እጇ ታሻለች። ሄፓታይተስ ቢ የደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። እኛ ተከትበናል፤ እሷን ማን አስከተባት?

ስለዚህ የሚሻለው ራሳችሁ ማጠባችሁ ነው። ካልተቻለ ደግሞ አስረዷት፤ "ይሄ ከሆስፒታል የመጣ ልብስ ነው፣ ያለ ጓንት አትንኪው" በሏት። እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት ግዙላት። የእኛ ስስ የምርመራ ጓንት ለማሸት አይሆንም፣ ወዲያው ይቀደዳል። ደምና እድፍ ያለበትን ቦታ እናንተ አስለቅቃችሁ ስጧት። እርጉዝ ከሆነች ወይም እጇ ላይ ቁስል ካለ ጨርሶ አትስጧት።

የሚያስፈልጋችሁ

ለስክራብ ብቻ የሚሆን አንድ ሳፋ። በሌላ ቀለም ግዙት፤ ጎመን የሚታጠብበት ሳፋ ጋር እንዳይምታታ። ወፍራም ጓንት፣ ዱቄት ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በረኪና፣ መለኪያ። ለመለኪያ ባለ 50 ሲሲ ሲሪንጅ ይበቃል፤ ከአዲሱ አንዱን "ለበረኪና ብቻ" ብላችሁ ጻፉበትና መርፌ የሌለውን አስቀምጡ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ጥንድ ስክራብ (ላይና ታች) በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደንብ ይታጠባል። ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ 5 ሊትር፣ ለሳሙናው 10፣ ሳሙናውን ለማስወጣት 10፣ ለበረኪናው 5፣ ለመጨረሻው 10። የመጨረሻውን ውሃ አትድፉት፤ መጸዳጃ ቤት ይደፋበታል።

ደረጃ 1፦ እድፉን መለየት

ስክራብ ላይ የሚያርፈው እድፍ ከቤት እድፍ የተለየ ነው። አንዱ መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም፤ እንዲያውም አንዱን የሚያስለቅቀው ሌላውን ያትመዋል።

ደም። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ያረጋውና ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቡናማ ጥላው አይለቅም። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ቀይሩ፣ በሳሙና እሹት። ካልለቀቀ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አድርጉበት፤ ሲፈላ ታያላችሁ። ደም ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲሰባብረው ነው የሚፈላው። ሲበርድ በውሃ አልቅልቁትና ድገሙት። ጥቁር ቀለም ባለው ስክራብ ላይ ግን መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ ሞክሩት።

ቤታዲን (ቡናማው የአዮዲን ፀረ ጀርም)። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ቫይታሚን ሲ ያስለቅቀዋል። ቀለም የሌለው ነጭ እንክብል ፈጭታችሁ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና እድፉ ላይ አፍስሱት። አስኮርቢክ አሲዱ አዮዲኑን ወደ አዮዳይድ ይለውጠዋል፤ አዮዳይድ ቀለም የለውም። ቡናማው ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ከዚያ አልቅልቁት።

ሳቭሎንና ውስጡ ያለው ፀረ ጀርም፣ ክሎርሄክሲዲን። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ራሱ እድፍ አይመስልም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። ግን ክሎርሄክሲዲን ያረፈበት ጨርቅ በረኪና ሲነካው ቡናማ ምልክት ይወጣበታል፤ ያ ምልክት ደግሞ ከዚያ በኋላ አይለቅም። "ስክራቤ ንጹሕ ነበር፣ ስታጠብ ቆሸሸ" የምትሉት አብዛኛው ከዚህ ነው። ሳቭሎን የነካው ልብስ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። የምታውቁት ቦታ ላይ ከፈሰሰባችሁ ደግሞ በዚያ ልብስ ላይ በረኪናውን ተዉትና ሙቅ ውሃውን ተጠቀሙ።

ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት)። ሐምራዊውን ቀለም 70% አልኮል ይቀንሰዋል። ከእድፉ ሥር ያረጀ ጨርቅ አንጥፉ፣ አልኮል ያለው ጥጥ ከዳር ወደ መሀል ጠቅ ጠቅ አድርጉ፣ ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። አትሹት፣ እድፉ ይሰፋል። የእስክሪብቶ ቀለምም እንዲሁ ነው። አልኮል እሳት ይስባል፤ ከምድጃና ከከሰል ርቃችሁ ሥሩ።

ጀሶ። በእርጥቡ አትንኩት። ይድረቅ፣ ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ በብሩሽ አራግፉት። ይህች አንዷ ቦታ ናት ማራገፍ የሚፈቀደው። ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት የቧንቧው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይደነድናል።

የልጆች የአይረን ሽሮፕና ዝገት። ሎሚና ጨው፣ ጸሐይ ላይ። በረኪና አይረንን ያጠቁረዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሎሚ የተጠቀማችሁበትን ደግሞ በደንብ ሳታለቀልቁ ወደ በረኪና አትሂዱ፤ ምክንያቱን ከታች እናገራለሁ።

ደረጃ 2፦ በሳሙና ማጠብ

ጓንት አድርጉ። ስክራቡን ከሌላ ልብስ፣ በተለይ ከሕፃን ልብስና ከኩሽና ፎጣ ለይታችሁ እጠቡ። መጀመሪያ በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ሁለት ሦስቴ ዝቅ ከፍ አድርጉ፣ ውሃውን ድፉ። የሚደፋው ሽንት ቤት ወይም ፍሳሽ ውስጥ ነው፤ ግቢ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አይደፋም።

ቀጥሎ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዱቄት ሳሙናውን ጨምሩና እስኪሟሟ አማስሉ፣ ከዚያ ልብሱን አስገቡ። ደረቅ ኦሞ ልብስ ላይ መበተን ቀለሙን ያዥጎረጉረዋል። ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ሌሊቱን ሙሉ አይደለም፤ የወጣው ቆሻሻ ተመልሶ ይጣበቃል።

ከዚያ ማሸት። ሁላችንም ደረቱንና ጉልበቱን እናሻለን፣ ምክንያቱም የሚታየው እድፍ እዚያ ነው። ጀርሙ በብዛት ያለው ግን እጃችን በሚደርስበት ቦታ ነው፦ የኪስ አፍ፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ሆድ አካባቢ አልጋ የምንደገፍበት፣ የሱሪው ማሰሪያ። ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጡትና ውስጡን በብሩሽ እሹ። ማሰሪያውን ፈትታችሁ እሹ። ብሩሹን ውሃው ውስጥ አድርጋችሁ እሹ፤ ውጭ ላይ ከሆነ ፊታችሁ ላይ ይፈናጠቃል።

ሲያልቅ ጨምቁና በ10 ሊትር ንጹሕ ውሃ አልቅልቁ። አረፋው መጥፋት አለበት።

ደረጃ 3፦ ጀርሙን መግደል

ሁለት መንገድ አለ፣ ሙቀት ወይም በረኪና። አንዱ ይበቃል። ሁለቱን ባንዴ ማድረግ የልብሱን ዕድሜ ከማሳጠር ሌላ አይረባም፤ ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ ያበነዋል።

እኔ የማዳላው ለሙቀት ነው። ቀለም አይነካም፣ አይሸትም፣ እጅ አይቆጣም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለሆስፒታል ልብስ የሚመክረው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ25 ደቂቃ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖርስ? እንዲህ አስቡት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉ 74 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። ድሬዳዋና ጋምቤላ ያላችሁ ውሃችሁ ወደ 100 ተጠግቶ ስለሚፈላ ያው ልክ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ ቶሎ መቀዝቀዙ ነው። ስለዚህ ክደኑት፣ በላዩም ወፍራም ጨርቅ ጣሉበት። ከሁሉ የሚሻለው በብረት ባልዲ ወይም በአሮጌ ትልቅ ድስት ልብሱን ጨምሮ እሳት ላይ ማቆየት ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ቢንተከተክም አይጎዳም። ያ ድስት ግን ከዚያ በኋላ ምግብ አይሠራበትም።

ማማሰያ እንጨት ተጠቀሙ እንጂ እጃችሁን አትክተቱ። ልጆች ካሉ በሩን ዝጉ፤ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን አይታችሁ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፣ አልነግራችሁም።

ከማድረጋችሁ በፊት አንገቱ ላይ የተሰፋችውን የእጥበት ምልክት አንብቡ። ቴትሮን (ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ) ይህን ሙቀት በአብዛኛው ይችላል፣ ቢጨማደድ ነው። አሁን በየሱቁ የሞላው የሚለጠጠው ዓይነት ግን አይወደውም። ለእሱ ለ60 ዲግሪ የቀረበ ውሃ፣ ጥሩ ሳሙና፣ በኋላም ለብ ያለ ካውያ ይሁን።

በረኪናው። መለካት እዚህ ላይ ነው። የአይፒ ሥልጠና የወሰደ ሁሉ 0.5% ክሎሪን ይዞ ወጥቷል። ያ ለፈሰሰ ደምና ለወለል ነው። ለልብስ ያንን ስትጠቀሙ ሰማያዊው ስክራብ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ክሩም ይበላል። ለልብስ 0.05% ለ30 ደቂቃ ይበቃል፤ በአሥር እጥፍ የቀለለ ማለት ነው።

ስሌቱን ታውቁታላችሁ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው ፐርሰንት ሲካፈል ለምትፈልጉት፣ ሲቀነስ አንድ። 5% በረኪና ከሆነ 5 ለ0.05 ሲካፈል 100፣ ሲቀነስ 1፣ 99። አንድ እጅ በረኪና፣ 99 እጅ ውሃ። በተግባር ለ5 ሊትር ውሃ 50 ሲሲ፣ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ። ለ10 ሊትር ሁለት። 4% ከሆነ ለ10 ሊትር 125 ሲሲ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ በረኪናውን፣ ካማሰላችሁ በኋላ ልብሱን። ጠርሙሱን ጸሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታል። የተበጠበጠውም ለነገ አይቀመጥም።

አሁን ያቆየሁትን ልናገር። በረኪና ከአሲድ ጋር አይገናኝም። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም አሲድ ናቸው። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያና ሽንትም እንዲሁ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራሉ። የሕፃናት ክፍል ሠራተኞች ልብሳችሁ ሽንት ሳይጠጣ ስለማይውል ሳታለቀልቁ በረኪና አታፍሱበት። ሻወር ቤት ዘግታችሁም አትሥሩ፤ መስኮት ክፈቱ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሹን ወደ ሙቅ ውሃው ይሂድ።

ሲጨርስ በ10 ሊትር ውሃ አልቅልቁ። በደንብ ያልለቀቀ በረኪና አንገትና ብብት ላይ ቆዳ ያሳክካል። ከዚያ ካውያ ሲነካው ይቢጫል።

ማሽን ካላችሁ

በማሽን መታጠቡ ብቻ አያድነውም። ዋናው የምትመርጡት ፕሮግራም ነው። "ፈጣን" የሚለውን ተዉት። በ2025 እንግሊዝ ውስጥ ስድስት የቤት ማሽኖች ተፈትሸው በፈጣኑ ፕሮግራም ግማሾቹ ልብሱን ከጀርም ማጽዳት አልቻሉም፣ በመደበኛውም ሲሦዎቹ አልቻሉም። 60 ዲግሪ ብላችሁ ሞልታችሁ ማሽኑ በእውነት እዚያ ላይደርስ ይችላል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለሠራተኞቹ የሚመክረው በ60 ዲግሪ ቢያንስ 10 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙን የጥጥ ፕሮግራም በ60 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት።

የእድፉ ሥራ ግን አይቀርም። ደም ያለበትን ልብስ በቀጥታ 60 ላይ ከከተታችሁት ማሽኑ ራሱ ያትመዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ።

ከበሮውን አትጠቅጥቁ፣ አንድ ሦስተኛው ባዶ ይሁን። ማለስለሻ አያስፈልግም። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ካቆመበት አትቀጥሉ፤ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። በየወሩ ማሽኑን ባዶውን በከፍተኛው ሙቀት አዙሩት፣ የበሩን ጎማ እጥፋት ጥረጉ፣ ከታጠበ በኋላም በሩን ክፍት ተዉት። እዚያ እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥቁር አተላ የጀርም ቤት ነው። የታጠበ ልብስም ከበሮው ውስጥ አይደር።

ደረጃ 4፦ ማድረቅና መተኮስ

ግማሹ ሥራ እዚህ ነው፣ ሰው ግን ንቆ ይተወዋል። እርጥበት ካለ የተረፈው ጀርም እንደገና ይበዛል። ስክራቡን ገልብጣችሁ ጸሐይ ላይ አስጡት፤ ቀለሙም አይነጣ፣ ኪሱና ስፌቱም ይደርቃል። ገመዱን መጀመሪያ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ቤት ውስጥ ማስጣት ግድ ነው። ያኔ ተደራርቦ አይሰቀል፣ መስኮት ይከፈት፣ ማንጠልጠያ ላይ በየብቻው ይሁን። ለዚህ ነው ለክረምት አንድ ተጨማሪ ጥንድ የሚያስፈልገው።

ከደረቀ በኋላ ተኩሱት። ካውያ ለማማር ብቻ አይደለም። በጥጥና በቴትሮን ላይ ያለው ሙቀት ከታጠበ በኋላ የቀረውን ጀርም ይቀንሳል። በሞቃትና እርጥብ አካባቢ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላችሁ፦ ጥላ ላይ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች፣ ትሏም ቆዳ ውስጥ ገብታ እንደ ብጉንጅ ታብጣለች። ካውያ እንቁላሉን ይገድለዋል። ስለዚህ በሁለቱም ፊት፣ ስፌቱና የወገቡ ማሰሪያ ሳይቀር ተኩሱ። የከሰል ካውያም ይሠራል፣ አመዱ እንዳይረግፍበት ብቻ።

ሳፋውና ጓንቱ ይታጠቡ፣ በተረፈው በረኪና ይለቅለቁ፣ ተደፍተው ይድረቁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እከክ ካለ

እከክ ያለበትን ታካሚ ወይም ካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው የምትረዱ ከሆነ ሙቅ ውሃው ግዴታ ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ ለ10 ደቂቃ ከቆየ ተባዩ ይሞታል። ማጠብ የማይቻል ነገር፣ ለምሳሌ ቀበቶ ወይም ሹራብ ካለ በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ከ3 ቀን በላይ አቆዩት። ተባዩ ከሰው ቆዳ ርቆ ብዙ አይኖርም።

ጋውን፣ ኮፍያ፣ ጫማ

ነጭ የጥጥ ጋውን ለማጠብ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሙቀቱንም በረኪናውንም ይችላል። ግን በጣም የሚረሳውም እሱ ነው። ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሳምንት የሚከርም ጋውን ከየታካሚው የሰበሰበውን ይዞ ይዞራል። እጅጌው ጫፍ ላይ ግራጫ ካያችሁ ዘግይታችኋል። በሳምንት ሁለቴ፣ የታየ እድፍ ካለ በዚያው ቀን።

የጨርቅ የራስ ኮፍያ በየቀኑ ይታጠብ። የመታወቂያው ማንጠልጠያ ገመድም ከስክራቡ ጋር ይግባ፤ ቀኑን ሙሉ ታካሚ ላይ እየተንጠለጠለ ይውላል፣ የሚያጥበው ግን የለም። የዎርድ ጫማ እዚያው ሎከር ውስጥ ይቅር። የፕላስቲክ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ በ0.5% ይጠረግ፣ እሱ ይችለዋል።

ስንት ጥንድ፣ እስከ መቼ

ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ቢያንስ ሦስት ጥንድ ይኑረው፦ አንዱ የሚለበስ፣ አንዱ እየደረቀ ያለ፣ አንዱ ሎከር ውስጥ ለድንገት የተቀመጠ። አንድ ስክራብ ለአንድ ሺፍት ነው። "ዛሬ ብዙ ታካሚ አልነካሁም" ብላችሁ ደግማችሁ አትልበሱት።

ስትገዙ በጣም ስስ የሆነውን ተዉት። ጥጥ የበዛበት ቴትሮን ሙቀት ይችላል፣ አየር ያስገባል፣ ሲታጠብ አይለቅም። ስፌቱ ሲፈታ፣ ጨርቁ ሲሳሳና ሲቦጫጨቅ በቃው፤ የሳሳ ጨርቅ የፈሰሰባችሁን ቶሎ ወደ ቆዳ ያሳልፋል። አሮጌውን የኩሽና መወልወያ አታድርጉት፣ ለጓሮ ሥራ ይሁን።

የተተኮሰውን አጥፋችሁ ከሌላው ልብስ ለየት ባለ መደርደሪያ አስቀምጡ፣ ወደ ሥራ ስትወስዱት ደግሞ በንጹሕ ከረጢት ይሁን። ትናንት የቆሸሸው በመጣበት ከረጢት ንጹሑን መልሳችሁ አትውሰዱ፤ ሁለት ከረጢት በሁለት ቀለም አሰፉ፣ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ የመመለሻው በየጊዜው ከስክራቡ ጋር ሳፋ ውስጥ ይግባ።